ዋጋ፣ ወጪና ሒሳብ በስፓኒሽኛ

በአማርኛ «ወጪ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚጠራውን ስፓኒሽኛ ለሁለት ይከፍለዋል። አንድን ነገር ለማምረት ወይም የራስ ለማድረግ የሚጠይቀው ሁሉ «ኮስቶ» ነው፤ ከእጅ ወጥቶ ያለቀው ገንዘብ ደግሞ «ጋስቶ» ይባላል። ሻጭ የሚጠራው ዋጋ «ፕሬሲዮ» ነው። ስለ ገንዘብ በስፓኒሽኛ የሚነገረው ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቃላት ዙሪያ ስለሚሽከረከር ተማሪው አስቀድሞ እነሱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ልዩነቱ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ካለ የሽንኩርት ማሳ ላይ በግልጽ ይታያል። ግራና የቆቦ-ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በስሟ የሚጠራባት አካባቢ ናት፤ በሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሌሎች አትክልቶች በመስኖ ይለማሉ። አንድ አምራች ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅና ለቀን ሠራተኛ ያዋለው ገንዘብ ተደምሮ ለምርቱ ኪሎ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር «ኮስቶ ዴ ፕሮዱክሲዮን»፣ የማምረቻ ወጪ፣ ነው። ነጋዴው በኪሎ የሚሰጠው «ፕሬሲዮ» ነው። አምራቹ ሽንኩርቱን ሸጦ ሲመለስ ለሻይ፣ ለመኪናና ለቤት አስቤዛ የሚከፍለው «ጋስቶ» ነው። ምርት በበዛበት ሰሞን ገበሬ የሚያሰማው ቅሬታም ከሦስቱ ቃላት በሁለቱ ላይ በተመሠረተች አጭር ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፦ «ኤል ፕሬሲዮ ኖ ኩብሬ ኤል ኮስቶ»፣ ዋጋው ወጪውን አይሸፍንም። በእስፔን «ኮስቶ» በሚለው ፋንታ «ኮስቴ» ይዘወተራል፤ ትርጉሙ ግን ያው ነው።

ስፓኒሽኛና ኢትዮጵያውያን

ቋንቋው ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡትን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ» በተባለችው የወጣቶች ደሴት ተምረዋል። ከእነሱ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱ አሉ።

ዛሬ ቋንቋው ይበልጥ የሚያስፈልገው በአሜሪካ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከኢትዮጵያና ከኤልሳልቫዶር የመጡ ስደተኞች በአንድ ሰፈር ይከራያሉ፣ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ይሠራሉ፣ በአንድ ገበያ ይሸምታሉ። በዚህ ኑሮ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋና የክፍያ ንግግር ነው።

በግዕዝ ፊደል የሚታየውና የማይታየው

የግዕዝ ፊደል የስፓኒሽኛን ድምፅ በአመዛኙ ይሸከማል። «ኳ» እና «ኴ» በየዋጋ ጥያቄው ይመላለሳሉ፤ የ«ኝ» ድምፅም በሁለቱ ቋንቋዎች አለ። በስፓኒሽኛ የላላና የጠበቀ «ር» ትርጉም እንደሚለይ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም። «ራሰ በራ» ሲባልና «መብራቱ በራ» ሲባል ያለው ልዩነት ጆሮው ውስጥ አለ። «ካሮ» «ር» ሲላላ ውድ ማለት ነው፤ «ር» ሲጠብቅና ሲንቀጠቀጥ ግን በላቲን አሜሪካ መኪና ይሆናል።

ፊደሉ የድምፅ ጫናንም አያሳይም። «ኮስቶ» ጫናው በመጀመሪያው ፊደል ላይ ሲያርፍ ወጪ የሚል ስም ነው፤ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍ «አስወጣ» የሚል ያለፈ ድርጊት ይሆናል። «ጋስቶ» እና «ፓጎ» በተመሳሳይ መንገድ ይለወጣሉ። ጫናው ፊት ሲሆን «አወጣለሁ»፣ «እከፍላለሁ» ወይም ወጪ፣ ክፍያ ማለት ናቸው፤ ኋላ ሲሆን «አወጣ»፣ «ከፈለ» ማለት ናቸው። ማን እንደከፈለና መቼ እንደከፈለ በጫናው ብቻ ስለሚለይ እነዚህ ቃላት ከመጻፋቸው በፊት በጆሮ መጠናት አለባቸው።

ዋጋ መጠየቅ

አማርኛ «ስንት ነው?» ብሎ በሚያልፈው ቦታ ስፓኒሽኛ እንደ ሁኔታው የተለያየ ጥያቄ ያቀርባል። የታወቀው «ኳንቶ ኴስታ?» ነው፤ ዕቃው ከአንድ በላይ ሲሆን «ኳንቶ ኴስታን?» ይሆናል። «ኳንቶ ባሌ?» የሚለውም በዚያው ቦታ ያገለግላል። ዋጋው የተለጠፈ ወይም የተወሰነ ዕቃ ሲሆን ሁለቱም ይስማማሉ።

ዋጋው በየቀኑ ከፍና ዝቅ ለሚል ነገር፣ ለምሳሌ ለአትክልት፣ ለእህልና ለዓሣ፣ የገበያው ጥያቄ «አ ኮሞ ኤስታ?» ወይም «አ ኳንቶ ኤስታ?» ነው፤ ዛሬ በስንት እየሄደ ነው እንደማለት። ግራና ላይ ሽንኩርት ለሚጠይቅ ሰው የሚስማማው ይኸኛው ነው፦ «አ ኮሞ ኤስታ ላ ሴቦያ?» ተገዝቶ ከተጠናቀቀ በኋላ ድምሩን ለማወቅ «ኳንቶ ኤስ?» ይባላል። ለታክሲ፣ ለጥገና ወይም ለሌላ አገልግሎት ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ኳንቶ ሜ ኮብራ?»፣ ስንት ያስከፍሉኛል፣ ብሎ መጠየቅ ያሻል። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀርበው የአክብሮት ጥያቄ «ኳንቶ ሌ ዴቦ?» ነው። «ሌ» የምትለዋ ቃል «እርስዎ» የሚለውን አክብሮት ትሸከማለች፤ ወንድንም ሴትንም ታስከብራለች።

ውድና ርካሽ «ካሮ» እና «ባራቶ» ናቸው፤ ስሙ በሰዋስው አንስታይ ሲሆን «ካራ» እና «ባራታ» ይሆናሉ። ቲማቲም «ቶማቴ» ተባዕት፣ ሽንኩርት «ሴቦያ» አንስታይ ነው። እዚህ ላይ «ኤስ» እና «ኤስታ» የተባሉት ሁለቱ የ«ነው» ቃላት ትርጉም ይለውጣሉ። «ኤል ኦሮ ኤስ ካሮ» ማለት ወርቅ ውድ ነው ማለት ነው፤ ጠባዩ ነው። «ላ ሴቦያ ኤስታ ካራ» ደግሞ ሽንኩርት ተወዷል ማለት ነው፤ የሰሞኑ ሁኔታ ነው። አማርኛ «ውድ ነው» እና «ተወዷል» ብሎ ስለሚለይ ሌሎች ተማሪዎችን ለወራት የሚያደክመው ይህ ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ ነው።

መክፈልና ማስከፈል

የአማርኛ የገንዘብ ግሦች በአንድ ሥር ላይ ይረባሉ። ከከፈለ አስከፈለ፣ ከወጣ አወጣና አስወጣ ይወለዳሉ፤ አበደረና ተበደረም ሥራቸው አንድ ነው። ስፓኒሽኛ ለየድርጊቱ ራሱን የቻለ ቃል ይሰጣል፤ ስለዚህ ቃላቱ ከእነጥንዳቸው ቢያዙ ይሻላል። መክፈል «ፓጋር»፣ ማስከፈል «ኮብራር» ነው። መግዛት «ኮምፕራር»፣ መሸጥ «ቤንዴር» ነው። ገንዘብ ማውጣት «ጋስታር»፣ መቆጠብ «አኦራር» ነው። ማበደር «ፕሬስታር» ሲሆን መበደር «ፔዲር ፕሬስታዶ» ይባላል። አማርኛ ገንዘብን ከማበደር ዕቃን ማዋስን ይለያል፤ በስፓኒሽኛ ግን «ፕሬስታር» ለብርም ለአካፋም ያገለግላል። ዕዳ «ዴውዳ»፣ ዕዳ መኖር «ዴቤር» ነው፤ «ዴቦ ሚል ፔሶስ» ማለት የሺህ ፔሶ ዕዳ አለብኝ ማለት ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገጥሙበት ቦታም አለ። «ሜ ኮስቶ ሲዬን ፔሶስ» ሲባል፣ ጫናው በ«ኮስቶ» መጨረሻ ላይ ሆኖ፣ መቶ ፔሶ አስወጣኝ ማለት ነው። በአማርኛ ግሡ ጫፍ ላይ የሚቀጠለው «ኝ» በስፓኒሽኛ «ሜ» ሆኖ ከፊት ይቀድማል። «ቴ ኮስቶ» አስወጣህ ወይም አስወጣሽ፣ «ሌ ኮስቶ» አስወጣው፣ አስወጣት ወይም አስወጣዎት፣ «ኖስ ኮስቶ» አስወጣን ነው። «ሳሊር»፣ መውጣት፣ የሚለው ግስም ለዋጋ ይውላል፤ «ሜ ሳሊዮ ካሮ» ማለት ብዙ ወጣብኝ፣ ተወደደብኝ ማለት ነው። በአማርኛ «ወጪ» ከ«ወጣ» የመጣ ስለሆነ ይህ አነጋገር በቀላሉ ይያዛል።

የሚያሳስቱ ቦታዎችም አሉ። በአማርኛ «ለዘር አምስት መቶ አወጣሁ» ይባላል፤ በስፓኒሽኛ «ጋስታር» የሚከተለው «ኤን» ነው፦ «ጋስቴ ኪኒዬንቶስ ኤን ሴሚያስ»። «ፓጋር» ግን ለተገዛ ነገር «ፖር»ን ያስከትላል፦ «ፓጌ ኪኒዬንቶስ ፖር ላስ ሴሚያስ»። ኪራይና የአገልግሎት ክፍያ ሲሆን ምንም መስተዋድድ አያሻም። «ፓጋር ላ ሉስ» በቀጥታው «መብራት መክፈል»፣ «ፓጋር ኤል አጓ» «ውሃ መክፈል» ነው፤ የከተማ ሰው በአማርኛም እንዲሁ ነው የሚናገረው። ሌላው መሰናክል «አወጣ» ነው፤ በአማርኛ ገዥም ገንዘብ ያወጣል፣ ከብቱም ጥሩ ዋጋ ያወጣል። በስፓኒሽኛ «ጋስታር» የገዥው ብቻ ነው፤ ዕቃው ስላወጣው ዋጋ «ሴ ቤንዲዮ አ ቡዌን ፕሬሲዮ»፣ በጥሩ ዋጋ ተሸጠ፣ ይባላል።

ክርክር፣ ምርቃትና ዱቤ

በዋጋ መከራከር «ሬጋቴያር» ነው። በመንገድ ዳርና በአትክልት ተራ የተለመደ ሲሆን ዋጋ በተለጠፈበት ሱቅ አይሠራም። «ሜ አሴ ኡን ዴስኴንቶ?» ማለት ቅናሽ ያደርጉልኛል ወይ ማለት ነው፤ «ኤስታ ሙይ ካሮ» ደግሞ በጣም ተወደደ። በማዕከላዊ አሜሪካ «ኳንቶ ኤስ ሎ ሜኖስ?» ይባላል፤ የመጨረሻውን ንገረኝ ከሚለው የአማርኛ አባባል ጋር ይቀራረባል። ገዥዋ «መርቂልኝ» ብላ የምትጠይቀው ጭማሪም ስም አለው፤ በአንዲስ አገሮች «ያፓ»፣ በካሪቢያን አካባቢ «ኛፓ»፣ በሜክሲኮ «ፒሎን» ነው።

በገዥና በአምራች መካከል የሚቆመው ደላላ «ኮሬዶር» ወይም «ኢንቴርሜዲያሪዮ»፣ የሚወስደውም «ኮሚሲዮን» ነው። በሜክሲኮ የገበሬውን ምርት በርካሽ ገዝቶ የሚያተርፍ አገናኝ «ኮዮቴ» ይባላል፤ ስሙ ከቀበሮ የሚዛመድ የዱር አውሬ ስም ስለሆነ ፊት ለፊት አይነገርም።

ዱቤ «ፊያዶ»፣ በዱቤ መስጠት «ፊያር» ነው። በብዙ ትንንሽ ሱቆች ግድግዳ ላይ «ኦይ ኖ ሴ ፊያ፣ ማኛና ሲ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ዛሬ ዱቤ የለም፣ ነገ አለ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ግዢ «አል ኮንታዶ» ይባላል፤ በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቀው በእስፔን «አ ፕላሶስ»፣ በደቡብ አሜሪካ «ኤን ኩኦታስ» ነው። ጥሬ ገንዘብ «ኤፌክቲቦ»፣ ካርድ «ታርኼታ»፣ ደረሰኝ «ሬሲቦ» ይባላሉ። የሒሳብ መልስ በሜክሲኮ «ካምቢዮ»፣ በሌሎች በርካታ የላቲን አሜሪካ አገሮች «ቡዌልቶ»፣ በእስፔን «ላ ቡዌልታ» ወይም «ካምቢዮ» ይባላል። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ የሚጠየቀው «ላ ኴንታ፣ ፖር ፋቦር» ተብሎ ነው።

ቁጥር

ዋጋ ተጠይቆ መልሱ ካልተሰማ ጥያቄው ከንቱ ነው። በጆሮ በብዛት የሚምታቱት 60 እና 70 ናቸው፤ አንደኛው «ሴሴንታ»፣ ሁለተኛው «ሴቴንታ» ነው። ከመቶዎች ውስጥ ከሥርዓት የሚወጡት ሦስቱ ብቻቸውን ይጠናሉ፦ 500 «ኪኒዬንቶስ»፣ 700 «ሴቴሲዬንቶስ»፣ 900 «ኖቤሲዬንቶስ»። ከሁለት መቶ ጀምሮ ያሉት መቶዎች ከስሙ ጾታ ጋር ይስማማሉ፤ «ኪኒዬንቶስ ፔሶስ»፣ ግን «ኪኒዬንታስ ሊብራስ» ይባላል። ሺህ «ሚል» ሲሆን «አንድ» አይቀድመውም፤ ሚሊዮን ግን «ኡን ሚዮን ዴ ፔሶስ» ተብሎ «ዴ» ይጨመርበታል።

ትልቁ ስሕተት ከሚሊዮን በላይ ነው። በኢትዮጵያ ቢሊዮን የሚባለው በስፓኒሽኛ «ሚል ሚዮኔስ»፣ ሺህ ሚሊዮን፣ ነው። «ቢዮን» በኢትዮጵያ ትሪሊዮን የሚባለው ነው። ስለዚህ 1.93 ትሪሊዮን ብር የሆነውን የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት የስፓኒሽኛ ጋዜጣ በ«ቢዮን» ይቆጥረዋል፤ ቃሉን እንደ አማርኛው ቢሊዮን የተረዳ አንባቢ በሺህ እጥፍ ይሳሳታል።

የጽሑፍ ምልክትም ከአገር አገር ይለያል። በእስፔን፣ በአርጀንቲና፣ በቺሊና በኮሎምቢያ ሺህን ነጥብ ሲለይ ክፋይን ኮማ ያሳያል፤ 1.500 እዚያ አንድ ሺህ አምስት መቶ እንጂ አንድ ተኩል አይደለም። ሜክሲኮ እንደ ኢትዮጵያ 1,500.75 ብላ ትጽፋለች።

በሚዛን ረገድ «ኪንታል» ለኢትዮጵያዊ የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል። በኢትዮጵያ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። በማዕከላዊ አሜሪካ አገሮች «ኪንታል» መቶ «ሊብራ» ሲሆን ወደ 46 ኪሎ ይጠጋል፤ መቶ ኪሎው «ኪንታል ሜትሪኮ» ይባላል። የኩንታል ዋጋ ሲነገር መጀመሪያ ሚዛኑን ማጣራት ግድ ነው።

የአንድ ማሳ ሒሳብ

ቃላቱን አንድ ላይ ለማየት የአንድ የሽንኩርት ማሳ ሒሳብ በፔሶ ሊታሰብ ይችላል፤ ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው። ለዘር፣ «ሴሚያ»፣ 4,000፤ ለማዳበሪያ፣ «ፌርቲሊሳንቴ» ወይም «አቦኖ»፣ 6,000፤ ለቀን ሠራተኛ 5,000፤ ለነዳጅ፣ «ኮምቡስቲብሌ»፣ 3,000፤ ለጭነት፣ «ፍሌቴ»፣ 2,500፤ ለጆንያ፣ «ሳኮ»፣ 500 ወጣ። የቀን ሠራተኛ «ኾርናሌሮ»፣ የቀን ክፍያው «ኾርናል» ነው። ድምሩ፣ «ቶታል»፣ 21,000፣ «ቤይንቲዩን ሚል»፣ ነው። ሽንኩርቱ 30,000፣ «ትሬይንታ ሚል»፣ ተሸጠ። የገባው «ኢንግሬሶ»፣ ከወጪ ቀሪው 9,000 ደግሞ «ጋናንሲያ»፣ ትርፍ፣ ነው። ዋጋው ወድቆ ሽያጩ 18,000 ቢሆን ኖሮ 3,000 «ፔርዲዳ»፣ ኪሳራ፣ ይመዘገብ ነበር። ለፓምፕ ወይም ለጉድጓድ የሚወጣው ለብዙ ዓመት ስለሚያገለግል «ኢንቤርሲዮን» ይባላል፤ ከዓመቱ ወጪ ጋር አይደባለቅም። ያልተጣራ ትርፍ «ብሩቶ»፣ የተጣራ «ኔቶ» ነው።

የቤት ወጪ

የቤት በጀት «ፕሬሱፑዌስቶ» ነው። በየወሩ የማይቀረው «ጋስቶስ ፊኾስ»፣ እንደ ወሩ የሚለዋወጠው «ጋስቶስ ባሪያብሌስ» ይባላል። ከቋሚዎቹ ትልቁ ኪራይ ሲሆን ስሙ በየአገሩ ይለያያል፤ በእስፔን፣ በፔሩና በአርጀንቲና «አልኪሌር»፣ በሜክሲኮ «ሬንታ»፣ በኮሎምቢያና በቺሊ «አሪዬንዶ» ነው። ቤት ሲያዝ የሚጠየቀው መያዣ በእስፔን «ፊያንሳ»፣ በሌሎች ብዙ አገሮች «ዴፖሲቶ» ይባላል። ግብር «ኢምፑዌስቶ»፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ «ኢባ» ነው፤ በኢትዮጵያ 15 በመቶ ሲሆን በእስፔን መደበኛው 21 በመቶ፣ በሜክሲኮ 16 በመቶ ነው። ዋጋ ላይ «ኢባ ኢንክሉዊዶ» ከተጻፈ ታክሱ ተደምሯል ማለት ነው። ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ «ሬሜሳ» ይባላል፤ ምንዛሪው በሜክሲኮና በእስፔን «ቲፖ ዴ ካምቢዮ»፣ በኮሎምቢያና በኩባ «ታሳ ዴ ካምቢዮ» ነው።

የየአገሩ ገንዘብ

ገንዘብ በጠቅላላው «ዲኔሮ» ነው። በደቡብ አሜሪካ በዕለት ንግግር «ፕላታ» ይበልጣል፤ ቃሉ ብር የተባለውን ማዕድንም ገንዘብንም ስለሚያመለክት ከአማርኛው «ብር» ጋር ይገጥማል። በእስፔን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩሮ በእጅ ይዞራል። ፔሶ የሜክሲኮ፣ የኩባ፣ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ የኮሎምቢያ፣ የቺሊ፣ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ገንዘብ ነው፤ የአንዱ ፔሶ ግን ከሌላው ጋር በዋጋ አይገናኝም። ጓቲማላ ኬትሳልን፣ ሆንዱራስ ሌምፒራን፣ ፔሩ ሶልን፣ ፓራጓይ ጓራኒን ይጠቀማሉ። ኤኳዶርና ኤልሳልቫዶር የአሜሪካን ዶላር የራሳቸው አድርገዋል። በአፍሪካ ስፓኒሽኛን የመንግሥት ቋንቋ ያደረገችው ኢኳቶሪያል ጊኒ በሲኤፍኤ ፍራንክ ትገበያያለች። ኩባ ለ27 ዓመታት ያህል ሁለት ዓይነት ፔሶ ጎን ለጎን ስታዘዋውር ቆይታ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱን አስቀርታለች። በራሽን የሚሸጠው ሸቀጥ የሚመዘገብበት ደብተር እዚያ «ሊብሬታ» ይባላል።

የአጠናን ቅደም ተከተል

ጀማሪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መያዝ አይጠበቅበትም። መጀመሪያ ሦስቱ ስሞች፣ «ፕሬሲዮ»፣ «ኮስቶ» እና «ጋስቶ»፣ ከዚያም «ኳንቶ ኴስታ?» እና «አ ኮሞ ኤስታ?» ይጠናሉ። ቀጥሎ ቁጥር እስከ ሺህ፣ በተለይ 60፣ 70፣ 500፣ 700 እና 900 በጆሮ ይለመዳሉ። ግሦች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይያዛሉ። እንደ ኪራይና መልስ ያሉ ከአገር አገር የሚለያዩ ቃላት የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእነሱም ተማሪው የሚሠራበትን ወይም የሚኖርበትን አገር አጠራር ብቻ ቢያጠና ይበቃዋል። የቀን ወጪውን በየማታው በስፓኒሽኛ የሚጽፍ ሰው ሒሳቡንም ቋንቋውንም አብሮ ይለምዳል።